የአሮጌው ቴፕ አንቴና ተሰብሯል፤ ይበየዳል ወይስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ «አባቴ በ1974 ዓ.ም. ከጅዳ ያመጣው ናሽናል ፓናሶኒክ ባለ ሁለት ስፒከር ቴፕ አለኝ። ካሴቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። በቅርቡ ልጆች ሲጎትቱት አንቴናው ከመካከሉ ተሰበረ። ከላይ ያሉት ሦስት አንጓዎች ተለይተው በእጄ ላይ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው አንጓ ጎብጧል፤ ግርጌውም ስለላላ የቀረው አንቴና ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኤፍ ኤሙ ይንኮሻኮሻል፤ መካከለኛ ሞገዱም ደክሟል። አንድ ጠጋኝ በሱፐር ግሉ አጣብቆ ሰጠኝ፤ ብዙ ሳይቆይ ተላቀቀ። ሌላው መበየድ አለበት ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ረጅም የመኪና አንቴና ብትገጥምበት ከድሮው የተሻለ ይስባል አለኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የማንን ምክር ልስማ?»

ምላሽ፦ የሦስቱንም አይስሙ። የእርስዎ አንቴና የሚጠገን ሳይሆን የሚተካ ነው። ከመተካቱ በፊት ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። ከዘረዘሯቸው ችግሮች አንዱ ከዚህ አንቴና ጋር ጭራሽ ግንኙነት የለውም፤ ሌላው ደግሞ ከስብራቱ ይልቅ ከግርጌው የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለይ አዲስ አንቴና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያንኑ ኮሽታ ሲያዳምጥ ሊኖር ይችላል።

ከመካከለኛ ሞገዱ እንጀምር። በዚህ ዓይነት ቴፕ ላይ መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው ከውጭ የሚመዘዘው ዘንግ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በኩል በአግድም የተቀመጠ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለ፤ የመካከለኛ ሞገድ አንቴና እርሱ ነው። ለማረጋገጥ መካከለኛ ሞገድ ላይ አንድ ጣቢያ ይያዙና ቴፑን ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆመ ቀስ እያሉ ያዙሩት። በአንዱ አቅጣጫ ድምፁ ይጎላል፤ ሩብ ዙር ሲሄድ ይደክማል። የውጭውን አንቴና ቢመዙት ቢሰበስቡት ለውጥ የለም። ስለዚህ በዚህኛው ጥፋት ልጆቹን አይውቀሱ፤ ቴፑን አብረው ካልጣሉት በስተቀር። ፌራይት ተሰባሪ ነገር ስለሆነ ቴፑ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከጥቅሉ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎችም ይበጠሳሉ።

ሳጥኑን ለመክፈት ከመቸኮልዎ በፊት ግን የቤትዎን ዕቃዎች ይጠርጥሩ። የስልክ ቻርጀሮችና ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች መካከለኛ ሞገድ ላይ ከባድ ጫጫታ ይረጫሉ፤ አባትዎ ቴፑን ሲያመጡ እነዚህ በቤት ውስጥ አልነበሩም። ቴፑን በባትሪ ድንጋይ ያስነሱትና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው ላይ አጥፍተው ያዳምጡ፤ ወይም ይዘውት ወደ ግቢ ይውጡ። ድምፁ ከጠራ ሬዲዮው ጤነኛ ነው።

የሚመዘዘው አንቴና የሚያገለግለው ለኤፍ ኤምና ለአጭር ሞገድ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ከእርሱ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በአባትዎ ዘመን ያ አንቴና ሙሉ በሙሉ የሚመዘዘው ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ለመስማት ነበር። «አንቴና በረዘመ ቁጥር ይስባል» የሚለው እምነት ከዚያ ዘመን የመጣ ነው፤ ለአጭር ሞገድም እውነት ነው። በ31 ሜትር ባንድ ላይ የሞገዱ ሩብ ወደ 7 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የቴፕ አንቴና የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ መዳፍ ይጠቅመዋል። ሰው ሁሉ በአንቴናው ጫፍ ላይ ሽቦ እያሰረ በመስኮት ያወጣ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

በኤፍ ኤም ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የቴፕ አንቴና በተሻለ ሁኔታ የሚሠራው ርዝመቱ ከሞገዱ ሩብ ጋር ሲቀራረብ ነው። ለ97.1 ሜጋ ኸርዝ ይህ 77 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሸገር 102.1 ደግሞ 73 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል። መላው የኤፍ ኤም ባንድ፣ ከ87.5 እስከ 108፣ ከ86 እስከ 69 ሴንቲ ሜትር ባለው ርዝመት ውስጥ ይጠቃለላል። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የመኪና አንቴና በኤፍ ኤም ላይ ምንም አይጨምርም፤ ሊያጎድል ግን ይችላል። በከተማ ውስጥ ለማስተላለፊያ ማማዎች ቅርብ ከሆኑ ደግሞ አሮጌው ሬዲዮ ከመጠን በላይ ሲጎርፍበት ጣቢያዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ። የመኪና አንቴና የተሠራው የመኪናውን ሰፊ የብረት አካል ተመርኩዞ እንዲሠራ ነው፤ ቴፕዎ ያ አካል የለውም። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። እንዲያ ያለ ረጅም ዘንግ የቴፑን የኋላ ፕላስቲክ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ሳጥን ደግሞ ከተሰበረ አንቴና የባሰ ችግር ነው፤ መለዋወጫ አይገኝለትም።

አሁን ወደ ምርመራው። አንድ ሜትር የማይሞላ ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። 75 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ልጠው በአንቴናው ግርጌ ባለው ብረት ላይ አጥብቀው ይጠምጥሙት፣ ሌላውን ጫፍ በክር ወደ ላይ ይስቀሉት። የተሰበረውን ጉቶ ወደ ውስጥ ይሰብስቡት። ከዚያ ኤፍ ኤሙን ይክፈቱ። ድምፁ ከጠራ ግርጌውም ሆነ ከእርሱ ወደ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ደኅና ነው፤ የጎደለው ቱቦው ብቻ ነው። ካልጠራ፣ ወይም ግርጌውን በጣት ሲነኩት ድምፁ መጣ ሄደት የሚል ከሆነ፣ ሕመሙ ያለው ከግርጌው በታች ነው። በሚሞክሩበት ጊዜ እጅዎን ከአንቴናው ያርቁ፤ የሰው አካል ራሱ አንቴና ስለሚሆን ይዘውት ሳሉ ጥሩ የሚስብ ሬዲዮ ሲለቁት ይከዳል፤ ብዙ ጠጋኝ በዚህ ተታልሎ «ሠርቷል» ብሎ ያስረክባል።

ግርጌውን የምጠረጥረው በምክንያት ነው። የእርስዎ አንቴና ከመሰበሩም በፊት ግርጌው ላላ ብሎ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ እንዲህ የሚሆነው በአንድ ቀን ጉተታ ሳይሆን በዓመታት አጠቃቀም ነው። አንቴናው ከሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአንድ ብሎን ሲሆን፣ በዚያው ብሎን ሥር ቀለበት ያለው የሽቦ ጫፍ ተጨብጦ ወደ ሬዲዮው ሰሌዳ ይሄዳል። አንቴናው ዙሪያውን በተሽከረከረ ቁጥር ቀለበቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከጊዜ በኋላ ብሎኑ ይላላል፣ ቀለበቱ ይዝጋል፣ ወይም ሽቦው ከቀለበቱ አንገት ላይ ይበጠሳል። ከውጭ ሲያዩት ልባሱ እንዳለ ነው፤ ውስጡ ግን የተለያየ ነው። በእኔ ልምድ «አንቴናው አይስብም» ተብለው ከሚመጡ አሮጌ ቴፖች መካከል ቱቦዎቻቸው ሙሉ ሆነው ጥፋቱ ከዚህች ቀለበት ላይ የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው። ቴስተር ካለዎት በቀረው ቱቦና በቀለበቱ መካከል ይለኩ፤ ከ1 ኦም በታች ሊያነብ ይገባል፤ ግርጌውን ሲያወዛውዙትም ቁጥሩ መዝለል የለበትም።

ብየዳው ለምን እንደማያዛልቅ ለመረዳት የቱቦውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አንጓ ግድግዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ የነሐስ ቱቦ ነው፤ ከላዩ ኒኬልና ክሮም ተቀብቷል። ላይኛው አፉ ወደ ውስጥ ጠበብ ተደርጎ ተጠቅልሏል። በውስጡ የሚመላለሰው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ግርጌው ሰፋ ያለ ነው፤ በዙሪያው ከስስ ነሐስ የተቆረጠ ትንሽ ሞላ ታጥቋል። ጠባቡ አፍ ሰፊውን ግርጌ ስለማያሳልፈው አንጓው ተመዞ አይወጣም፤ ሞላው ደግሞ ግድግዳውን እየገፋ አንጓውን ባቆሙት ቦታ ያቆመዋል። ከአንጓ ወደ አንጓ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚይዘውም ይኸው ሞላ ነው። ከጎን ግፊት ሲመጣ ቀጭኑ ቱቦ የሚታጠፈው በወፍራሙ ቱቦ አፍ ላይ ተደግፎ ስለሆነ ስብራቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከዚያው ከአፉ ላይ ነው። የእርስዎን ጉቶ ቢያዩት ጠርዙ የተጨፈለቀና ሞላላ ሆኖ ያገኙታል።

እንግዲህ ጠጋኙ ምን ያድርግ? ስብራቱን ከውጭ በቀለበት ቢያጠናክረው ውፍረት ስለጨመረ ቱቦው ወደ ታችኛው ቱቦ አይገባም። ከውስጥ ዘንግ ሰክቶ ቢበይደው ከላይ ያሉት አንጓዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አይኖርም። ጫፍ ለጫፍ ቢያገናኘው የሚይዘው ያ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሲጎትቱት ይለያያል። ክሮም ደግሞ መበየጃ ሊድ አይቀበልም፤ ነሐሱ እስኪታይ መፋቅ አለበት። ለብየዳው የሚያስፈልገው ሙቀት በአቅራቢያው ያለውን ሞላ ሊያለሰልሰው ይችላል፤ የለሰለሰ ሞላ አንጓውን አይይዝም። ሱፐር ግሉ የኤሌክትሪክ መንገዱን ከመዝጋቱም በላይ ወደ ሞላው ከፈሰሰ ጤነኛ የነበረውን አንጓ ጨምሮ ያደርቀዋል። ከዚህ በፊት የተጣበቀው አንቴናዎ ጎረቤት አንጓዎቹም አልንቀሳቀስ ካሉ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማጣበቂያ የሚፈቀድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለችው ቆብ። እርሷ ስትወልቅ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ውስጥ ሰምጦ አልወጣም ይላል። አውጥተው፣ አጽድተው ቆቧን በጥቂት ኢፖክሲ ቢመልሷት ምንም አይጎድልም፤ የኤሌክትሪክ ሥራ የላትም፣ ሥራዋ ዘንጉ እንዳይሰምጥና ዓይን እንዳይወጋ ማድረግ ነው። ከውስጥ ዘንግ ሰክቶ መበየድም ቢሆን አንድ ሁኔታ ላይ ያስኬዳል፤ ቴፑ ከሳሎን መደርደሪያ የማይነሳ ከሆነና አንቴናው ተመዝዞ እንዲቀር ከተስማሙ። ተንቀሳቃሽ ቴፕ ላይ ግን አልመክርም።

ጎባጣው አንጓ ብቻውን ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልናገረው። ለስላሳ ጉብጠት ይቃናል፤ ስንጥቅ ወይም የታጠፈ ምልክት ያለበት ግን አይቃናም። የጎበጠውን አንጓ ብቻ ይምዘዙ፤ ሌሎቹን ይሰብስቡ። ጠፍጣፋና ጠንካራ ቦታ ላይ፣ መስታወት ወይም እብነ በረድ ላይ፣ አጋድመው በለስላሳ እንጨት እየተጫኑ ያንከባልሉት። በአንድ ጊዜ ለማቃናት አይሞክሩ፤ ወዲያና ወዲህም እያጠፉ አያርሙት። ነሐስ በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረና እየደረቀ ስለሚሄድ ሦስተኛው ወይም አራተኛው እጥፋት ላይ ይሰነጠቃል። ጥርስ ባለው ፒንሳ በቀጥታ አይያዙት፤ የፒንሳው ጥርስ የሚተወው ጭረት ቱቦው ሲሰበሰብ የታችኛውን አፍ ይበላዋል። ከውስጡ ያሉት አንጓዎች ከወጡ ደግሞ ልኩ የሆነ የትራፓኖ መብሻ ይፈልጉና ለስላሳውን ጭራ ወደ ቱቦው አስገብተው ከውስጥ እየደገፉ ቢያቃኑት የተሻለ ይሆናል። ተቃንቶም ቢሆን ያ አንጓ ከእንግዲህ ደካማ ነው፤ ሲመዝዙት ከሥሩ ይያዙ።

አንጓዎቹ በራሳቸው ክብደት ቁልቁል የሚንሸራተቱበት አንቴና ደግሞ ሞላዎቹ ደክመዋል ማለት ነው። አንጓዎቹ የሚወጡት ከላይ ሳይሆን ከታች፣ የግርጌው መወተፊያ ሲነሳ ነው። መወተፊያው ከወፍራሙ ቱቦ ጋር የተያያዘው በነጥብ ነጥብ ተወግቶ ስለሆነ ነጥቦቹን በቀጭን መብሻ መብሳት ይጠይቃል፤ መልሶ መግጠሙ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ብርቅ ለሆነ ቴፕ ካልሆነ አልደክምበትም። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሊጥ ይሆናል፣ ግንኙነቱን ያበላሻል። አንቴና በንጹሕ አልኮል በተነከረ ጨርቅ ተጠርጎ ደርቆ ነው የሚቀመጠው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። የላላውን ግርጌ ሲመለከቱ ማጠፊያው በብሎን የተያዘ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። ብሎን ከሆነ ማጥበቅ ነው፤ ከሥሩ ያለችው እንደ ሞላ የምትገፋ ሮንዴላ ከጠፋች ግን ቢያጠብቁትም መልሶ ይላላል፤ አዲስ ያስገቡበት። ማጠፊያው በተቀጠቀጠ ሚስማር የተያዘ ከሆነ በሞርሳ ላይ አስደግፎ በቀስታ መቀጥቀጥ ያጠብቀዋል። እዚህ ላይ ኃይል አይጠቀሙ። ብዙ ግርጌዎች የተሠሩት በቅልጥ ከተፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ይህ ብረት አይለመጥም፣ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀም በኋላ ተራው መበየጃ ሊድ አይይዘውም።

ምትክ ሲፈልጉ ወደ ገበያ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። አሮጌውን አንቴና ከነግርጌው ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን አይመኑ። የሚገጣጠሙት ነገሮች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ያለው ርዝመት፤ ቴፑ ጀርባ ወይም አናት ላይ አንቴናው የሚያርፍበት ቦይና የሚነክሰው መያዣ አለ፣ ከዚያ ከበለጠ አይተኛም። ቀጥሎ የወፍራሙ ቱቦ ስፋት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር መያዣውን ይሰብረዋል። ከዚያ የግርጌው ዓይነት፤ የሚታጠፍ ብቻ ነው ወይስ የሚታጠፍም የሚሽከረከርም? የእርስዎ ሁለቱንም የሚያደርግ ከሆነ ምትኩም እንደዚያው ይሁን፤ አለበለዚያ ልጆቹ በማይዞርበት አቅጣጫ ሊያዞሩት ሲታገሉ ሳጥኑን ይሰነጥቁታል። በመጨረሻም ብሎኑ። የጃፓን ቴፖች ላይ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ አንቴና ብሎኑን ከውስጥ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ራሱ ጥርስ ያለው ጭራ አለው። የተዘረጋው ርዝመት ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ለኤፍ ኤም አይጨነቁ። ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው ሁለት አንቴናዎች የአንጓው ቁጥር አነስ ያለውን ይምረጡ፤ አንጓ በበዛ ቁጥር ጫፉ እየቀጠነና መገጣጠሚያው እየበዛ ይሄዳል። ቦዩ አጭር ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ ባለ ብዙ አንጓው ነው የሚገባው።

አዲሱን ከመግዛት በፊት መርካቶ ምን አለሽ ተራ ላይ ከፈረሱ ቴፖች የወጣ አንቴና ቢፈልጉ ደስ ይለኛል። ይህን የምለው ርካሽ ስለሚሆን ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የተሠሩት ቱቦዎች ዛሬ በፌስታል ተጠቅልለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ይልቅ ግድግዳቸው ወፈር ያለ፣ ልባሳቸውም የጠነከረ ነው። ሲገዙ አንጓዎቹን አንድ በአንድ መዝዘው ያወዛውዟቸው። ቴስተር ይዘው ከጫፍ እስከ ግርጌ ቢለኩት ሻጩ ሊገላምጥዎት ይችላል፤ ይለኩት። የቱቦው ልክ ተስማምቶ ግርጌው ካልተስማማ ደግሞ የእርስዎን ግርጌ አይጣሉት። ከሁለቱ አንቴናዎች አንዱን ከአንዱ ግርጌ ጋር ማዋሃድ በቤት ውስጥ የሚሞከር ባይሆንም ጥሩ ተርነር ይሠራዋል።

አገጣጠሙ ቀላል ቢሆንም ሳጥኑን መክፈት ይጠይቃል። ቴፑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የባትሪ ድንጋዮቹንም ያውጡ። የመብራት ትራንስፎርመሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ማብሪያው ቢጠፋም ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ መግቢያው ላይ 220 ቮልት ሊኖር ይችላል። ከጅዳ የመጡ ቴፖች ብዙዎቹ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ ምክንያቱም ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ 127 እና 220 ቮልት ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። የኋላውን ክዳን ሲያነሱና ሲመልሱ ይህ መምረጫ ሳይታወቅ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል መልሰው ከመሰካትዎ በፊት 220 ላይ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ከሰኩት ስለ አንቴና ማውራታችን ያበቃል።

ብሎኖቹን ሲፈቱ ልካቸው የሆነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ። የጃፓን መስቀለኛ ብሎን ከተለመደው መስቀለኛ ጥቂት ይለያል፤ ጫፉ የሾለ ካቻቢቴ እየተንሸራተተ ራሱን ይበላዋል። አጥብቀው ወደ ታች እየተጫኑ ያዙሩ። ክዳኑን በኃይል አይመንጭቁት፤ የስፒከሮቹና የባትሪ ቤቱ ሽቦዎች ከኋለኛው ክፍል ጋር ተያይዘው ሊሆኑ ይችላሉ። የአንቴናውን ብሎን ፈትተው ቀለበቱን ያግኙ፤ ከዛገ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈትጉት፤ ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ከደረቀ በተመሳሳይ ርዝመት በለስላሳ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይተኩት። እዚህ ቦታ ላይ ብየዳ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ቀለበቱና ሽቦው ሊድ ይቀበላሉ። ሽቦውን አንቴናው ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ልል አድርገው ይተዉት፤ ከመጠን በላይ አያርዝሙት፤ እርሱም የአንቴናው አካል ነው። ቀለበቱ ከብረቱ ጋር በቀጥታ ይገናኝ፤ ሮንዴላው ከቀለበቱ ኋላ ይግባ። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት አንቴናውን በሁሉም አቅጣጫ አዙረው በቴስተር ይለኩ።

አጭር ሞገድ ለማዳመጥ ከአንቴናው ጫፍ ሽቦ አስረው ወደ ውጭ የሚያወጡ ከሆነ ደመና ሲያንዣብብ ይፍቱት። በአዲስ አበባ ክረምት መብረቅ ብርቅ አይደለም፤ ቀጥታ ባይመታ እንኳ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ በሽቦው ላይ የሚያስነሳው ኃይል የሬዲዮውን መግቢያ ትራንዚስተር ለመግደል ይበቃል። ሽቦው ከመብራት መስመር አጠገብ ፈጽሞ አይለፍ። የተሰበረውን ጉቶ በተመለከተም ምትክ እስኪያገኙ ድረስ ስለታም ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው አንድ ጠብታ ኢፖክሲ ያድርጉበት፤ ልጆች ባሉበት ቤት በዓይን ከፍታ ላይ የቆመ የተሰበረ ቱቦ አይተውም። የቀረው ግማሽ ሜትር ያህል ከሆነ ደግሞ ለጊዜው የከተማውን ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አብዛኞቹን መስማትዎ አይቀርም፤ ስለዚህ ያገኙትን ማንኛውንም አንቴና ለመግዛት የሚያስቸኩል ነገር የለም።

አዲሱ አንቴና ተገጥሞ፣ ግርጌው ጠብቆ፣ ቴስተሩም ደኅና አንብቦ ኤፍ ኤሙ አሁንም ሽ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የስቴሪዮ ማብሪያውን ወደ ሞኖ ይቀይሩት። ስቴሪዮ ከሞኖ ይልቅ ብዙ የጠነከረ ምልክት ይፈልጋል፤ በሞኖ የሚጠራ ጣቢያ በስቴሪዮ ቢያሸሽ የአንቴና ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ጣቢያው ሩቅ ነው ወይም ግድግዳ ይከልለዋል። አንቴናውን ሁልጊዜ ሽቅብ አያቁሙት፤ ዘንበል አድርገው እያዞሩ የሚጠራበትን ይፈልጉ። ይህን ጽሑፍ ሌላ ቴፕ ይዘው ለሚያነቡም አንድ ነገር ልጨምር። ቴፑ ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ ከሆነ የኤፍ ኤም ባንዱ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ በሶቪየት ኅብረት ለውስጥ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ከ74 የማያልፉ ናቸው። እነዚህ 97.1ን የማይዙት በአንቴና ምክንያት አይደለም፤ ምንም አንቴና አያድናቸውም። የእርስዎ መደወያ ላይ እስከ 108 ተጽፎ ካዩ በዚህ በኩል ሥጋት የለብዎትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ችግሩ ከቀረ ጉዳዩ የሬዲዮው የመግቢያ ክፍል ስለሆነ የሲግናል ጄኔሬተር ላለው ባለሙያ ይስጡት። ማንም ሰው «ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ባለ ቀለም ኮይሎች በካቻቢቴ እንዲያዞር አይፍቀዱ። ልባቸው ከፌራይት የተሠራ ስለሆነ በብረት ካቻቢቴ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከፋብሪካ የተስተካከሉበትን ቦታ ያለ መሣሪያ በጆሮ ብቻ መልሶ ማግኘት ደግሞ አይቻልም።